ሾተላይን በሴቲቱ ደም ላይ አታሳብቡ

ኑርልኝ፣ ማስረሻ፣ ምትኩ፣ ካሳ። እንዲህ ያሉ ስሞች የሌሉበት መንደር የለም፤ ከብዙዎቹም በፊት የተቀበረ ልጅ አለ። ልጅ በልጅ ላይ የሞተባት እናት ደግሞ የራሷን ስም ታተርፋለች፤ «ሾተላይ ናት» ትባላለች። ጎረቤት በሹክሹክታ ይለዋል፣ አማት በግልጽ ትናገረዋለች፣ ባልም አንዳንዴ በፍቺ ያስታውቃታል።

ይህ የድሮ ነገር ነው፣ ዛሬ ሰው ተምሯል የሚሉኝ አሉ። አይመስለኝም። አነጋገራችን ተለወጠ እንጂ ፍርዳችን አልተለወጠም። ድሮ «መንፈስ ተጠናውቷታል» ይባል የነበረው ዛሬ «ደሟ ኔጋቲቭ ነው፣ ደማቸው አይስማማም» ሆኗል። ያኔም ዛሬም ጥፋቱ ያለው በሴቲቱ ሰውነት ውስጥ ነው፤ ያኔም ዛሬም የሚመከረው ከእርሷ መሸሽ ነው። ዲግሪ የያዘው ወንድማችን እጮኛውን ላቦራቶሪ ወስዶ ውጤቱን ካየ በኋላ ሐሳቡን ቢለውጥ፣ ጠንቋይ ዘንድ ሄደው ከመጡት አያቱ የተሻለ አላደረገም።

ይህን ፍርድ ሐሰት ነው እላለሁ። ዛሬ በሾተላይ ልጅ የሚሞተው የእናቱ ደም መጥፎ ስለሆነ አይደለም። በወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ ልትወጋው የሚገባ አንድ መርፌ ስላልደረሳት ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን በትክክል እንይ፤ ስድቡ የተመሠረተው ይህን ባለማወቅ ላይ ነውና። በእርግዝና ጊዜ የእናትና የፅንስ ደም እንደ ልብ አይቀላቀልም። በእንግዴ ልጁ በኩል ምግብና ኦክስጅን ያልፋል፤ ቀይ የደም ሕዋሶች ግን አብዛኛውን ጊዜ በየወገናቸው ይቀራሉ። ልጁ ሲወለድና እንግዴ ልጁ ሲላቀቅ ግን ጥቂት የልጁ ደም ወደ እናቲቱ ያመልጣል። ልጁ ከአባቱ አርኤች ፖዘቲቭነትን ወርሶ ከሆነ በቀይ የደም ሕዋሶቹ ላይ ዲ የሚባል ፕሮቲን አለ። አርኤች ኔጋቲቭ የሆነችው እናት ይህ ፕሮቲን የላትም፤ የበሽታ መከላከያዋም አይቶት አያውቅም። ስለዚህ ማንኛውም ጤነኛ ሰውነት ለባዕድ ነገር የሚያደርገውን ያደርጋል፤ ይዘምትበታል፣ አንቲቦዲ ያመርትበታል፣ ከነጭ የደም ሕዋሶቹም የተወሰኑት የጠላቱን መልክ ይዘው ለዓመታት ይቆያሉ። ኩፍኝ አንዴ ታሞ የዳነ ሰው ዳግም የማይያዘው በዚሁ ሥርዓት ነው።

የመጀመሪያው ልጅ ብዙ ጊዜ ሳይነካ የሚያመልጠው ለዚህ ነው፤ ዘመቻው የሚጀምረው እርሱ ከተወለደ በኋላ ነውና። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ፅንስ አርኤች ፖዘቲቭ ሆኖ ሲመጣ ግን የእናቲቱ አንቲቦዲ በእንግዴ ልጁ በኩል ያልፋል። ከበሽታ እንዲጠብቁት ሌሎች አንቲቦዲዎች የሚገቡበትን በር ተጠቅሞ ገብቶ ቀይ የደም ሕዋሶቹን ያፈርሳቸዋል። ፅንሱ ደም ያንሰዋል፤ ሲከፋም ልቡ ይደክማል፣ ሰውነቱ ውሃ ይቋጥራል፣ በማህፀን ውስጥ ይሞታል። በሕይወት ከተወለደም ከፈረሰው ደም የሚወጣው ቢጫ ነገር ይጠራቀምበታል፣ ዓይኑና ቆዳው ቢጫ ይሆናል። ቶሎ ካልታከመ ቢጫው አንጎሉን ይጎዳል። ከሞት የተረፈው ልጅ መስማት የተሳነው ወይም እጅ እግሩን እንደ ልቡ ማዘዝ የማይችል ሆኖ ሊያድግ ይችላል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የታመመ የእናት አካል የቱ ነው? የለም። ያላትም የሌላትም ነገር የተፈጥሮ ልዩነት ነው። ከአውሮፓውያን ከመቶ 15 ያህሉ አርኤች ኔጋቲቭ ናቸው፤ በስፔንና በፈረንሳይ ድንበር ላይ ከሚኖሩት ባስኮች መካከል ቁጥሩ ከመቶ 30 ይደርሳል። እኛ ዘንድ ያነሰ ነው። የኔጋቲቭ ሴቶችን ባሎች ማንም አይጠይቅም እንጂ፣ ልጁን ከእናቱ የሚለየውን ፕሮቲን የሰጠው አባት ነው። ይህን የምለው ጥፋቱን ወደ አባት ለማዞር አይደለም፤ ከሁለቱም ላይ ለማንሳት ነው።

«ደማቸው አይስማማም» የሚለው ምክንያት ስንት ትዳር ከመመሥረቱ በፊት አፍርሷል! ሰዎች ይህን ቃል ያለ ልክ ያሰፉታል። እርሱ ኤ፣ እርሷ ኦ ስለሆኑ መጋባት የለባቸውም የሚል ምክር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በአርኤች በኩል ሁለቱም ኔጋቲቭ ከሆኑ ጉዳት የለም። እርሱ ኔጋቲቭ፣ እርሷ ፖዘቲቭ ከሆነችም የለም። እርሷ ኔጋቲቭ፣ እርሱ ፖዘቲቭ ሲሆኑ ብቻ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ያኔም ቢሆን አባትየው ከወላጆቹ ከአንዱ የኔጋቲቭነትን ዘር ወርሶ ከሆነ ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ ኔጋቲቭ ሆነው ሊወለዱ ይችላሉ። መርፌው ጨርሶ ባይኖር እንኳ፣ በኤቢኦ የደም ዓይነት የሚስማማትን ፖዘቲቭ ልጅ ከወለዱ ኔጋቲቭ እናቶች አንቲቦዲ የሚያመርቱት ከመቶ 16 ያህሉ ናቸው። ኤና ኦው የማይስማሙ ከሆነማ አደጋው እንዲያውም ይቀንሳል፤ የልጁን ሕዋሶች እናቲቱ ገና ከሕፃንነቷ ጀምሮ የያዘችው ሌላ አንቲቦዲ ቶሎ ያጠፋቸዋል፣ የበሽታ መከላከያዋም ዲን ልብ ሳይል ያልፋል። በሰፈር ጋብቻ የሚያስከለክለው «አለመስማማት» ለልጁ ከለላ ሲሆነው ይገኛል ማለት ነው።

መድኃኒቱ የተገኘውም ከዚህ ምልከታ ነው። ታሪኩን ማንሳት የምፈልገው የኖቤል ተሸላሚዎችን ለመዘርዘር ሳይሆን፣ በዚህ እውቀት መጀመሪያ ላይ ልጅ የቀበረች እናት ስላለች ነው። ሩት ዳሮው አሜሪካዊት የፓቶሎጂ ሐኪም ነበረች፤ በዚህ በሽታ የገዛ ልጇን አጥታለች። በ1938 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጽሑፍ የእናት የበሽታ መከላከያ የፅንሱን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንደሚያጠቃው ገመተች። የትኛው የደም ክፍል እንደሆነ ገና አላወቀችም ነበር። በዓመቱ ፊሊፕ ሌቪንና ሩፈስ ስቴትሰን የሞተ ልጅ የወለደች አንዲት ሴት የባሏ ደም ሲሰጣት ሰውነቷ ክፉኛ እንደተቃወመው ጻፉ። የሁለቱም ደም ኦ ነበርና ምክንያቱ ሌላ መሆን ነበረበት። በ1940 ካርል ላንድስታይነርና አሌክሳንደር ዊነር የአርኤችን ነገር ይፋ አደረጉ፤ ሌቪንም በተከታዩ ዓመት ከሕፃናቱ ሞት ጋር አገናኘው።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው፣ የእናቲቱ መከላከያ የልጁን ሕዋስ ከማወቁ በፊት ሕዋሱን እንዴት እናጥፋው የሚል ሆነ። በእንግሊዟ ሊቨርፑል ሮናልድ ፊንና ሲሪል ክላርክ፣ በኒውዮርክ ቪንሰንት ፍሬዳ፣ ጆን ጎርማንና ዊሊያም ፖላክ በየፊናቸው ወደ አንድ መልስ ደረሱ። ከሌላ ሰው ፕላዝማ የተወሰደ ፀረ ዲ አንቲቦዲ ለእናቲቱ ከወለደች በኋላ ወዲያው ከተሰጣት፣ የራሷ ሰውነት አንቲቦዲ ማምረት አይጀምርም። መድኃኒቱ በ1968 በአሜሪካ ተፈቀደ። ከወሊድ በኋላ ሲሰጥ የ16ቱን ቁጥር ወደ አንድና ሁለት ያወርደዋል፤ በእርግዝናው በ28ኛው ሳምንት ሌላ መርፌ ሲታከልበት ከመቶ ከአንድም በጣም ያንሳል።

ያ ፕላዝማ ከየት መጣ? በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከለጋሾቹ መካከል ራሳቸው ልጆቻቸውን በዚህ በሽታ የቀበሩ ሴቶች ነበሩ። እኛ «ሾተላይ» ብለን የምናርቃት ሴት በደሟ ውስጥ የያዘችው አንቲቦዲ የሌሎችን ሴቶች ልጆች የሚያድነው መድኃኒት እርሱው ነው። ጄምስ ሃሪሰን የተባለው አውስትራሊያዊ በወጣትነቱ ብዙ ደም ተሰጥቶት ስለነበር በፕላዝማው ውስጥ ይኸው አንቲቦዲ በብዛት ተገኘ። እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ድረስ 1,173 ጊዜ ለገሰ፤ በ2025 ሲሞት ሀገሩ እንደ ጀግና ሸኘችው። በእርሱ ደም ውስጥ ሲገኝ ወርቅ፣ በእርሷ ደም ውስጥ ሲገኝ እርግማን የሚሆንበት ምክንያት የለም።

አሁን ወደ ሌላው አመለካከት እመጣለሁ፤ ከመጀመሪያው ይልቅ የሚያስቆጣኝም እርሱ ነው። የተማሩት ሰዎች አመለካከት ነው፤ ከሐኪሞችም ይሰማል። «ሾተላይ እኮ መርፌ አለው፣ ያለፈ ችግር ነው» ይላሉ። መርፌው ከተገኘ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ ሆኖም በዓለም ላይ ከሚያስፈልጋቸው ሴቶች ግማሽ ያህሉ እንደማያገኙት ተገምቷል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ግምት በየዓመቱ ከ160,000 በላይ ሕፃናት በዚህ በሽታ ይሞታሉ፣ 100,000 ያህሉ ደግሞ አካል ጉዳተኛ ይሆናሉ ይላል። ይህ ያለፈ ችግር ከሆነ ያላለፈው ምን ሊሆን ነው? በዋሽንግተን ወይም በለንደን የምትኖር ኢትዮጵያዊት እህታችን አርኤች ኔጋቲቭ ከሆነች ሳትጠይቅ በቀጠሮዋ ትወጋዋለች። የእርሷ ታናሽ እህት እዚህ ስትወልድ ምን እንደሚገጥማት እንይ።

ለክትትል ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ደም ትሰጣለች፣ የደም ዓይነቷና አርኤቿ ካርዷ ላይ ይጻፋል። ኔጋቲቭ የሚለው ቃል በቀይ እስክሪብቶ ሊከበብ ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ምን ማለት እንደሆነ ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳት አይኖርም፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ ነርሷ አንድ ናት። ከተነገራትም «ስትወልጂ መርፌ ያስፈልግሻል» ተብላ ትሸኛለች። ልጁ ሲወለድ ባልየው ማዘዣ ወረቀት ይሰጠዋል። የመንግሥት ተቋሙ መድኃኒት ቤት «የለም» ይለዋል። ከዚያ ከአንዱ የግል ፋርማሲ ወደ ሌላው ይሮጣል፤ አንዱ ጨርሷል፣ ሌላው አለኝ ይላል፣ ዋጋው ግን በኪሱ ካለው በላይ ነው። በትንሽ ከተማ ያለ ከሆነ ወደ ክልል ከተማ ስልክ ይደውላል። መድኃኒቱ በቅዝቃዜ ካልተያዘ ይበላሻልና በአውቶቡስ ቢላክለትም እንዴት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። ይህ ሁሉ ሲሆን 72ቱ ሰዓት እየቆጠረ ነው። መርፌው ካልተገኘ ልጁ ጤነኛ ሆኖ ቤቱ ይገባልና ማንም ሞት አይመዘግብም። ሞቱ የሚመጣው ከሁለት ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በሚቀጥለው ልጅ ላይ ነው። ያኔ ሰፈርተኛው ፋርማሲውን አያስታውስም፣ ሴቲቱን ነው የሚያየው።

ይህ ደግሞ ጤና ተቋም የደረሰችው ዕጣ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የተደረገው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በጤና ተቋም የወለዱት ከመቶ 48 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ቤቷ የወለደችው እናት 72 ሰዓት የሚባል ነገር መኖሩንም አልሰማችም።

አንድ የማከብረው ሐኪም «ሀገሪቱ በደም መፍሰስ የሚሞቱ እናቶች እያሏት ለጥቂቶች እንዴት ውድ መድኃኒት ትገዛለች?» ብሎኛል። ክርክሩን አልንቀውም። ግን «ጥቂቶች» የሚለውን እንቁጠረው። በኢትዮጵያ በዓመት ከሦስት ሚሊዮን በላይ ልጆች ይወለዳሉ። ከእናቶቹ ከመቶ አምስቱ ብቻ ኔጋቲቭ ናቸው ብንል እንኳ በየዓመቱ ከ150,000 በላይ ሴቶች ማለት ነው። ሁሉም መርፌው አያስፈልጋቸውም፤ ኔጋቲቭ ልጅ የወለደች አያስፈልጋትም፣ ይህም ከእትብቱ በተወሰደ ጥቂት ደም በደቂቃዎች ይታወቃል። የደም ምርመራውን ወጪ ቀድሞውንም እያወጣነው ነው። መርምሮ፣ ጽፎ፣ ከብቦ፣ ከዚያ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ቁጠባ አይደለም። ያልተከላከልነውን ልጅ ደሙን በሌላ ደም መለወጥ፣ በብርሃን ማከም፣ አንጎሉ ከተጎዳ ደግሞ ዕድሜ ልኩን መርዳት ከአንድ መርፌ ይበልጣል። የእርግዝናና የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ተቋማት ነፃ ነው ብለን ካወጅን፣ ይህ መርፌ የወሊዱ አካል ነው እንጂ ከወሊዱ ውጭ የሚሸጥ ቅንጦት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም መሠረታዊ ከሚላቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

«ሾተላይ» የሚለው ስም ሌላም ጉዳት አለው፤ ሌሎች በሽታዎችን ይሸፍናል። በተደጋጋሚ የሚያስወርዳት ሴት ሁሉ ሾተላይ ትባላለች። የአርኤች ጉዳይ ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለሚከሰት ውርጃ ምክንያት አይደለም፤ ጉዳቱ የሚታየው ፅንሱ ከጎለመሰ በኋላ ነው። ቂጥኝ፣ ስኳር፣ የደም ግፊት፣ የማህፀን በር መላላት ሊኖርባት ይችላል። ቂጥኝ በፔኒሲሊን ይድናል። ስሙን ለጥፈንባት ከተውናት ግን ማን ይመረምራታል? የደም ዓይነቷ ፖዘቲቭ ሆኖ ሳለ ዕድሜዋን ሙሉ ሾተላይ ስትባል የኖረች ሴት በየቤቱ ትገኛለች።

አንዳንዶች ደግሞ ተስፋቸውን በሩቁ ቴክኖሎጂ ላይ ጥለዋል። ተስፋው መሠረት አለው፤ በማህፀን ያለን ልጅ የመመርመር ሳይንስ በአብዛኛው ያደገው ከዚህ በሽታ ጋር በተደረገ ትግል ነውና። በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዊሊያም ላይሊ በ1961 ከእንሽርት ውሃ የፅንሱን ደም መፍረስ የሚለካበትን መንገድ አሳየ፤ በ1963 ደግሞ ማህፀን ውስጥ ላለ ፅንስ ደም ሰጠ። ዛሬ በፅንሱ አንጎል ውስጥ ደም የሚሮጥበትን ፍጥነት በአልትራሳውንድ በመለካት ደም ማነሱን ያለ መርፌ ማወቅ ይቻላል። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የተመራማሪው የዴኒስ ሎ ሥራ ነው። ተመራማሪዎች በእናት ደም ውስጥ የፅንስ ሕዋስ ሲፈልጉ ዓመታት ፈጁ፤ ጥቂት ነውና ይቸግራቸው ነበር። ፕላዝማውን፣ የደሙን ፈሳሽ ክፍል፣ ይደፉት ነበር። ሎ በ1997 ከባልደረቦቹ ጋር የፅንሱ ዲኤንኤ በዚያ በሚደፋው ፕላዝማ ውስጥ እንደሚንሳፈፍ አሳየ። በዓመቱ የፅንሱን አርኤች ከእናቱ ደም ማንበብ ተቻለ። ዴንማርክ ከ2010 ጀምሮ ኔጋቲቭ እናቶችን በሙሉ በዚህ መንገድ ትመረምራለች፤ ልጃቸው ኔጋቲቭ የሆነባቸው ያላስፈለጋቸውን መርፌ በእርግዝና ጊዜ አይወጉም።

ይህን እየጠበቅን እጃችንን ማጣጠፍ ግን ትክክል አይደለም። ምርመራው መጀመሪያ የተሠራው በአውሮፓውያን ዘር ላይ ነው፤ እነርሱ ዘንድ ኔጋቲቭ ሰው ብዙውን ጊዜ የዲ ዘረ መል ጭራሽ የለውም። ከአፍሪካውያን ኔጋቲቮች መካከል ግን ዘረ መሉ ኖሯቸው የማይሠራላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ይህን ያላገናዘበ ምርመራ ውጤቱን ያሳስታል። የእኛን ደም እኛው አጥንተን የምናስተካክለው ሥራ አለ፤ የዩኒቨርሲቲዎቻችን ተመራማሪዎች ቢይዙት ደስ ይለኛል። ግን የሀብታም ሀገሮች እናቶች ከሾተላይ የዳኑት በዲኤንኤ አይደለም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በተገኘ መርፌና በደም ዓይነት ምርመራ ነው። እነዚህ ሁለቱ ዛሬ አቅማችን ውስጥ ናቸው።

ስለዚህ የጤና ሚኒስቴርና የክልል ጤና ቢሮዎች መርፌውን ወሊድ በሚካሄድበት በእያንዳንዱ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ማቀዝቀዣ ውስጥ በነፃ ያስቀምጡ። ኔጋቲቭ መሆኗ የታወቀች ነፍሰ ጡር ከመውለዷ በፊት ስሟ ይያዝ፣ መድኃኒቷ ቀድሞ ይዘጋጅ፤ ማዘዣ ይዞ የሚሮጥ ባል አይኑር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ ኔጋቲቭ እናት ቤቷ እንዳትወልድ ያግባቡ።

ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ ዛሬውኑ ካርዷን አውጥታችሁ የአርኤችን መስመር ተመልከቱ። ባዶ ከሆነ እንዲመረመርላት ጠይቁ። ኔጋቲቭ ከሆነ የምትወልድበት ቦታ መርፌው መኖሩን አሁኑኑ አረጋግጡ። ከ12 ሳምንት በኋላ ካስወረዳት፣ ደም ከፈሰሳት ወይም ሆዷን ከተመታች መውለጃዋን ሳትጠብቁ ወደ ሐኪም ውሰዷት። 72ቱ ሰዓት ቢያልፍባትም ተስፋ አትቁረጡ፤ እስከ 10 ቀን ድረስ መሰጠቱ ጥቂት ጥቅም ሊኖረው ይችላል። ቀድሞ ልጅ የሞተባት ከሆነች ደግሞ አንቲቦዲ እንዳላት የሚያሳየው የደም ምርመራ ይደረግላት፣ ካላትም አልትራሳውንድ ወዳለው ትልቅ ሆስፒታል ትላክ። ይህን ሳታደርጉ ሾተላይ ብላችሁ አትጥሯት።